ባጃጁን ከመሸጣችሁ በፊት፦ ፓርኪንሰን፣ የአንጎል ፎቶና የመርሳት ስጋት

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ አንዲት እህት ጥያቄ ልካልኛለች። ትንሽ አሳጥሬ እነሆ፦

«አባቴ 72 ዓመቱ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ፓርኪንሰን እንዳለበት ከተነገረን 7 ዓመት ሆነን። ሌቮዶፓና አርቴን የሚባሉ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ይወስዳል፤ ለእንቅልፍ ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ተጨምሮለታል። እጁ ቢንቀጠቀጥም ጭንቅላቱ ንቁ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እየተለወጠብን ነው። ሒሳብ ይምታታበታል። መድኃኒቱን መዋጡን ይረሳል። ማታ ማታ ‹ጥግ ላይ ልጆች ተቀምጠዋል› ይላል። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቆ ነበር። አንድ ክሊኒክ ወስደነው ‹አዲስ አበባ ሄዶ ኤምአርአይ ቢነሳ ወደፊት የመርሳት በሽታ ይይዘው እንደሆነ ይታወቃል› አሉን። ወንድሜ ባጃጁን ሸጦ ሊያስነሳው ቆርጧል። እውነት ፎቶው ይህን ይናገራል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መውደቃቸውን እናንሳ። ስለ ነገ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድሜው የገፋ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ፣ አንዳንዴ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሀል ደም ቀስ እያለ ይጠራቀማል። የዚያን ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። መውደቁም ይረሳል። ከዚያ ሰውየው ይፈዛል። እንቅልፍ ያበዛል፣ ራሱን ያመዋል፣ ነገር ይምታታበታል፣ አንድ እግሩ ይጎተታል። ቤተሰቡም «ፓርኪንሰኑ ባሰበት» ብሎ ያልፈዋል። የሚያሳዝነው ይሄ በሽታ የሚድን መሆኑ ነው። ደሙ በጊዜ ከታየ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ አንዳንዴም በክትትል ብቻ ይጠፋል።

ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን የሚባል የራጅ ፎቶ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ከኤምአርአይ ይረክሳል። ለሱ ተብሎ አዲስ አበባ መሄድም አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውሰዷቸው። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ደም የመፍሰሱ ዕድል ከፍ ይላል። እንቅልፋም ከሆኑ፣ ካስመለሳቸው፣ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ደግሞ ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

እርግጥ ሒሳብ መምታታት የጀመረው ከመውደቃቸው በፊት ነው ብለሻል። ስለዚህ ሁሉንም በደም አላሳብብም። ግን ሳይታይ አይታለፍም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አጭሩ መልስ «አይናገርም» ነው። ባጃጅ በሚያሸጥ ልክ አይናገርም። ባጃጁ የቤቱ እንጀራ ይመስለኛል፤ ወንድምሽ ይዞት ይቆይ። ክሊኒኩ የነገራችሁ ግን ከመሬት ተነስቶ የመጣ ወሬ አይደለም። ከጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ። እሱን ብታውቂው ለወንድምሽም ማስረዳት ይቀልሻል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን በሽታውን በ1817 ሲገልጸው፣ የታማሚው አእምሮና የስሜት ሕዋሳት አይነኩም ብሎ ጽፎ ነበር። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ይዘው ቆዩ። በሽታው የእጅና የእግር ብቻ ተደርጎ ታየ። አሁን እንደዚያ እንዳልሆነ እናውቃለን። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ ታማሚዎችን ከጅምሩ ይዞ የተከታተለ ጥናት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በሕይወት ከነበሩት ውስጥ 83 በመቶው የመርሳት በሽታ ይዟቸው ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን 20 ዓመት የሚለውን አትርሺ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ያለው ስጋት ቀድሞ ይባል ከነበረው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንዱ ሰው በሽታው በያዘው በ5 ዓመቱ አእምሮው ይደክማል፤ ሌላው 15 ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ራሱ እያሰላ ይከፍላል። ማን የትኛው ነው? የአንጎል ፎቶ ተስፋ የተጣለበት ይህን ይመልሳል ተብሎ ነው።

ተመራማሪዎቹ የሚያዩትን ልንገርሽ። የእጅ መንቀጥቀጡና የሰውነት መገተሩ የሚመጣው፣ አንጎል ግንድ ላይ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያቀናጅ ኬሚካል የሚያመርቱ ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው። የማሰብ ችግሩ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። በአንጎል የፊተኛው ክፍል፣ በታች በኩል፣ የማይነርት ክፍል የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ስሟን ያገኘችው ቪየና ይኖር ከነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ነው። ይህች ቦታ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ለመላው የአንጎል ቅርፊት ታከፋፍላለች። ልብ ብሎ ማዳመጥ፣ ማስታወስ፣ የሚታየውን ነገር በትክክል መለየት፣ ሁሉም ይህን ኬሚካል ይፈልጋሉ። በ2018 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የማሰብ ችሎታቸው ገና ደህና ከሆነ የፓርኪንሰን ታማሚዎች መካከል ይህች ቦታ በኤምአርአይ የሳሳችባቸው ሰዎች፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ይበልጥ ይደክማሉ። የማይነርትን ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ ከአባትሽ የመድኃኒት ፌስታል ጋር እናገናኘዋለን።

ሌላም አለ። የአንጎል ቅርፊት መሳሳት አለ። ፔት ስካን በሚባል ሌላ ዓይነት ፎቶ ሲታይ፣ ከኋላና ከጎን ያለው የአንጎል ክፍል ስኳር መጠቀም ይቀንሳል። በአንዳንድ ኤምአርአይ የብረት ክምችት ይለካል። በውጭ አገር ዳት ስካን የሚሉትም አለ። እሱ የሚለካው የዶፓሚን ነርቮች ጫፍ ምን ያህል እንደቀረ ነው። በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ገና የተመረመሩ ታማሚዎችን ይዞ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ማን ይደክማል የሚለውን ለመተንበይ ሞክሯል። ዳት ስካኑ ድርሻ ነበረው። ከጎኑ የተሰለፉት ግን ዕድሜ፣ የማሽተት ችሎታ፣ የእንቅልፍ ጠባይና ከጀርባ የሚቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ነበሩ። ፎቶው ትንበያውን ያገዘው ከነዚህ ጋር ተደምሮ ነው። ያ ፎቶ ደግሞ እናንተን ተነሱ ያሏችሁ ኤምአርአይ አይደለም። ፔት ስካኑም ሆነ ዳት ስካኑ ድሬም ሐረርም የለም።

ታዲያ ጥናቱ እውነት ከሆነ ለአባትሽ ለምን አይሠራም? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ድሬ ከሐረር ትሞቃለች። ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። የዓመቱን ሙቀት ደምረን ብናካፍል ልዩነቱ ግልጥ ብሎ ይወጣል። አሁን ግን አንድ ሰው ደውሎ «ያለሁበት ቦታ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው፣ የት ነኝ?» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? በታኅሣሥ ረፋድ ድሬ ሊሆን ይችላል። በሚያዝያ እኩለ ቀን ሐረርም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ከተሞች አማካይ ይለያያል፤ የአንድ ሰዓት ሙቀት ግን ከተማውን አይነግርሽም። የአንጎል ፎቶ ጥናቶችም እንደዚያ ናቸው። በኋላ የደከሙት 100 ሰዎች አማካይ፣ ካልደከሙት 100 ሰዎች አማካይ ይለያል። የሁለቱ ቡድን ሰዎች ግን መሀል ላይ ተቀላቅለዋል። አባትሽ ከነዚያ ከተቀላቀሉት አንዱ ናቸው እንበል። የትኛው ወገን እንደሆኑ ፎቶው አይለይም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ጥናት ላይ የማይነርት ክፍል የሚለካው በዓይን አይደለም። የሚለካው በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሁሉም ታማሚ በተመሳሳይ ዓይነት አነሳስ ይነሳና ከብዙ ጤናማ ሰዎች ጋር ይነጻጸራል። አባትሽ አዲስ አበባ ተነስተው ይዘው የሚመጡት ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር አይኖርም። የሚኖረው ብዙውን ጊዜ «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ መጠነኛ የአንጎል መሟሸሽ» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህች መስመር ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰች እኔ አውቃለሁ። የ72 ዓመት ሰው አንጎል እንደ 30 ዓመት ወጣት አይሞላም። ፀጉር እንደሚሸብት ማለት ነው። ከፓርኪንሰን ጋር የግድ አይገናኝም።

በዚያ ላይ ኤምአርአይ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፎቶው ይደበዝዝበታል። ወደፊት ለሌላ ምክንያት ኤምአርአይ ቢታዘዝላቸው እንኳ፣ የሌቮዶፓው ሰዓት ከምርመራው ጋር እንዲገጥም አድርጉ። መድኃኒቱ እየሠራ ባለበት ሰዓት ይግቡ። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ሁለት ጊዜ የከፈሉ ሰዎች ገጥመውኛል።

አንድ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ የታመሙ አባት ይዘው የመጡት ኤምአርአይ በጣም ንጹሕ ነበር። ደስ ብሎኝ ለልጆቻቸው «ጭንቅላታቸው ንጹሕ ነው፣ አትስጉ» አልኳቸው። ሚስትየው ግን «ዶክተር፣ ማታ ማታ ሟች እናቱን ያያል» ብላኝ ነበር። ሰማኋት፤ አላዳመጥኳትም። ዓይኔ ፎቶው ላይ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሰውየው የገዛ ቤታቸው መንገድ ጠፋቸው። ልጆቹ አልወቀሱኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ሴት አስባታለሁ። ነገሩ የነበረው እሷ አፍ ላይ ነበር።

ስለዚህ አንቺ ከጻፍሽው እንነሳ። እኔን ከማንኛውም ፎቶ በላይ የሚነግረኝ ቤታችሁ ውስጥ የሚታየው ነው።

የሌሉ ልጆችን ማየታቸው ትልቁ ምልክት ነው። አልደብቅሽም። በፓርኪንሰን ላይ እንዲህ ያለ ቅዠት ሲመጣ የማሰብ ድካም ሊከተል እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል። ግን መድኃኒትም ያመጣዋል፤ ወደሱ እመጣለሁ። ቀጥሎ ስለ እንቅልፋቸው ልጠይቅሽ። ተኝተው ይጮኻሉ? ይራገጣሉ? ሕልማቸውን በእጅ በእግር ይኖሩታል? እናትሽ ካሉ እሳቸውን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ አብራ የምትተኛ ሚስት ናት የምታውቀው። ቡና ሲቆላስ ይሸታቸዋል? ማሽተት ማጣት በፓርኪንሰን ብዙ ሰው ላይ አለ፤ በጣም ሲበረታ ግን ከማሰብ ድካም ጋር ይያያዛል።

ከዚያ ምንም ብር የማያስወጣ ፈተና አለ። ሰዓት ያዢና «በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻልከውን ያህል የእንስሳ ስም ጥራልኝ» በያቸው። ድሬ ላይ ሰው በአንድ ቋንቋ አይኖርም። አባትሽ በኦሮምኛ የሚቀልዱ፣ በሶማልኛ የሚነግዱ፣ በአማርኛ የሚጽፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን፤ ቢቀላቅሉም ሁሉንም ቁጠሪላቸው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፊው። ከ6 ወር በኋላ ድገሚው። ሌላው ፈተና ሥዕል ነው። በከፊል የተደራረቡ ሁለት ባለ አምስት ጎን ቅርጾች ሣዪና እያዩ እንዲገለብጡ ስጫቸው። ምድር ባቡር ሲሠሩ እስክሪብቶ ይዘው የኖሩ ሰው ከሆኑ አይከብዳቸውም፤ ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ግን ይህን ፈተና አልሰጥም፤ የሚለካው አንጎሉን ሳይሆን ትምህርቱን ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቀላል ነገሮች እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ አዲስ ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ማን ቶሎ የመርሳት በሽታ እንደሚይዘው አስቀድመው ከጠቆሙት መካከል እነዚህን አግኝቷል፤ ከዕድሜ ጋር። ወረቀት፣ እርሳስና የእጅ ሰዓት ማለት ነው።

የደም ግፊታቸውንም አስለኪ። ግን ተኝተውና ቆመው። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለካ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሲቆሙ አንጎላቸው ደም ሊያጥረው ይችላል ማለት ነው። ያ መውደቅ ያመጣል። ያደናግራል። ከማሰብ ድካም ጋርም አብሮ ይሄዳል። የድሬ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ አዛውንቶች በጣም ያሳስቡኛል። መታጠቢያ ቤት የወደቁት በዚህ ምክንያት ይሆን? መጠየቅ አለበት።

አሁን የመድኃኒት ፌስታሉን እንክፈተው።

የማይነርት ክፍል አሴቲልኮሊን ታከፋፍላለች አልኩሽ። በፓርኪንሰን ይህ ኬሚካል ቀስ በቀስ ያንሳል። አርቴን የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ኬሚካል በመዝጋት ነው። መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ለወጣት ታማሚ አንዳንዴ ይጠቅማል። ለ72 ዓመት ሰው ግን፣ ያውም ነገር መምታታት ለጀመረው፣ የቀረችውን ጥቂት አሴቲልኮሊን መልሶ ይዘጋበታል። አሚትሪፕቲሊንም በዋናነት ለሌላ ሥራ ቢሰጥም፣ ይህንኑ ኬሚካል ይዘጋል። አባትሽ ሁለቱንም እየወሰዱ ነው። አፋቸው ይደርቃል? ሆዳቸው ይደርቃል? ሽንት አልወጣ ይላቸዋል? ዓይናቸው ይደበዝዝባቸዋል? አዎ ካልሽኝ እነዚህ መድኃኒቶች አንጎላቸውም ላይ እየሠሩ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሌለ ሰው ማሳየትና ማደናገር የታወቀ ጠባያቸው ነው።

አርቴን እኛ አገር ለምን እንደበዛ ይገባኛል። ርካሽ ነው፣ ይገኛል። ሌቮዶፓ ከፋርማሲ ሲጠፋ እሱ ይተካል። ሐኪሙም ያለውን ነው የሚሰጠው። ማንንም ልወቅስ አይደለም። ግን አዛውንት ታማሚ ነገር ሲምታታበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ኤምአርአይ ተነስቷል ወይ?» መሆን የለበትም። «አርቴን ይወስዳል ወይ?» ነው መሆን ያለበት። በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ።

ሐረር ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ልጆቻቸው «የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል» ብለው ነው ያመጧቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይሩ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰው ይታያቸው ነበር። ፌስታላቸውን ሳስከፍት አርቴንና አሚትሪፕቲሊን አገኘሁ፤ ልክ እንደ አባትሽ። ቀስ እያልን በሳምንታት ውስጥ አነሳናቸው። እጃቸው ትንሽ ባሰበት፤ ሌቮዶፓውን አስተካከልን። በሦስተኛው ወር ሲመጡ ከግድግዳው ላይ ሰው ጠፍቷል። የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ሁሉ ነገር አልተመለሰም። ገንዘብ ሲቆጥሩ አሁንም ይሳሳታሉ፤ በሽታው ራሱ ያመጣው ድርሻ ነበረው። ግን ቤታቸው ውስጥ እናት ሆነው ተመለሱ።

አደራሽን፣ ይህን አንብበሽ ዛሬ ማታ መድኃኒቱን እንዳታቆሚ። አርቴን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡና መገተሩ በጣም ይብሳል። የሚቀንሰው በሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ። ሌቮዶፓውን ደግሞ በራሳችሁ አትንኩት። መራመድና መዋጥ የቻሉት በሱ ነው።

ሌሎች የሚታከሙ ነገሮችም አሉ። የደም ምርመራ ይታዘዝላቸው፤ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሰውን ያፈዛል። የሽንት ኢንፌክሽን አዛውንት ላይ ትኩሳት ሳያሳይ፣ በማደናገር ብቻ ሊመጣ ይችላል። ድብርትም የመርሳት በሽታ ይመስላል፤ ከሥራ ወጥቶ ቤት የዋለ ሰው ዝም ሲል ሁልጊዜ መርሳት አይደለም። ዓይናቸው ይታይ። ሞራ የጋረደው ዓይን ማታ ላይ ከኮት ሰው ይሠራል፣ ከመጋረጃ ልጅ ይሠራል። ጆሯቸውም ይታይ።

ጫት ይቅማሉ ወይ? አልነገርሽኝም፤ እኔ ግን ድሬ ላይ ሳልጠይቅ አላልፍም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቅዠትንም ሊቀሰቅስ ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይደናገራል። ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን ያስፈለገው ከሰዓት በኋላ በተቃመ ጫት ምክንያት ከሆነ፣ መፍትሔው ሌላ ክኒን አልነበረም። በርጫው የጓደኛ መገናኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መቀመጡን አትከልክሏቸው። ይቀመጡ፣ ይጫወቱ፤ ቅጠሉ ግን ይቅር።

ሁለት መድኃኒት ደግሞ ስማቸውን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ሃሎፔሪዶልና ሜቶክሎፕራማይድ። የመጀመሪያው «ሰው ይታየዋል» ሲባል፣ ሁለተኛው «አስመለሰው» ሲባል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በመርፌ ይሰጣሉ። ሁለቱም ዶፓሚንን ይዘጋሉ። የፓርኪንሰን ታማሚን አልጋ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። የትም ሆስፒታል ብትገቡ በሩ ላይ «አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፣ እነዚህ አይሰጡት» በያቸው። ለቅዠቱ ሌላ አማራጭ አለ፤ ሐኪሙ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መርሳቱና ቅዠቱ ከቀጠለስ? ያኔ የበሽታው ድርሻ ነው ብለን ሪቫስቲግሚን የሚባል መድኃኒት እናስባለን። አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። በፓርኪንሰን ለሚመጣ የመርሳት በሽታ አሜሪካ ውስጥ በ2006 ተፈቅዷል። ተአምር አይሠራም፤ ለአንዳንዶች ግን ቀናቸውን ያቀላል። ማቅለሽለሽ ሊያመጣ፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ስለሚችል ከትንሽ መጠን ይጀመራል። ከአርቴን ጋር አብሮ መስጠት ግን ውኃ በአንድ እጅ እየቀዱ በሌላው መድፋት ነው። ስለዚህም ነው ፌስታሉን ያስቀደምኩት።

ኤምአርአይን ጨርሼ አልጠላውም። እኔም አዝዛለሁ። ለውጡ በድንገት ከመጣ፣ ሌቮዶፓ ምንም ካልሠራ፣ መራመድ፣ ሽንት መቆጣጠርና ማሰብ በአንድ ላይ ከተበላሹ፣ ወይም ሲቲው አጠራጣሪ ነገር ካሳየ እጠይቃለሁ። በኤምአርአይ በደንብ ከሚታዩ ነገሮች አንዱ ደግሞ የትንንሽ የደም ሥሮች ጉዳት ነው። የአንጎል ነጭ ክፍል ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከማሰብ ድካም ጋርም ይያያዛል። ግን እሱ ሲገኝ የምንሠራው ምንድን ነው? ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ሲጋራውን መቆጣጠር ነው። ይህን ሳይነሱም መጀመር ትችላላችሁ።

ለሐኪም ስትወስጃቸው የፓርኪንሰን ታማሚዎችን የማከም ልምድ ያለው የነርቭ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ፈልጊ። ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታልም፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ልትጠይቂ ትችያለሽ። ሁሉንም መድኃኒት፣ ያለቀውን ሳጥን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የእንስሳ ስሙን ቁጥርና የሳሉትን ሥዕል ያዢ። ሲተኙ የሚራገጡ ከሆነ በስልክሽ ቅረጪው።

እስከዚያው ማታ «ልጆቹ መጡ» ሲሉሽ አትከራከሪያቸው። «የለም አባዬ፣ ማንም የለም» ማለት ያሳፍራቸዋል፣ አንዳንዴም ያስቆጣቸዋል። «ምን እያደረጉ ነው? ያስፈሩሃል?» በያቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት፤ ታማሚውም አይፈራቸውም። መብራቱን አብሪ። ጥጉ ላይ የተሰቀለ ኮት ወይም ጋቢ ካለ አንሺው። አጠገባቸው ቁጭ በይና ስንት ሰዓት ላይ እንዳዩአቸው፣ የመጨረሻው ክኒን በስንት ሰዓት እንደተዋጠ ደብተር ላይ ጻፊ። ያቺ ደብተር ከሲቲው ውጤት ጋር ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ትቅረብ።